ቅዳሴው የቆመበት ዕለት

አባቴን የገደለውን ሰው ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቅዳሴ መካከል ነው። የዲያቆን ልብስ ለብሼ፣ ከመጋረጃው ፊት ቆሜ፣ ሕዝቡን «እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» ብዬ የማውጅበት ሰዓት ነበር። ቃሉን ጀመርኩት፤ መጨረስ ግን አቃተኝ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ የሆነውን ዛሬ በአጥቢያችን የሚያወራው የለም። የነበርን ሁሉ እንዳልነበርን ሆነን ነው የምንኖረው። እኔም ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን፣ ያዩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ስለሆነ፣ ሳይጠፋ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አጥቢያችን ሚካኤል ከይጁቤ ከተማ ወዲያ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ኮረብታ ላይ ያለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ ሚስት ያላገባሁ ወጣት ነበርኩ። ደብረ ኤልያስ አካባቢ ካለ የቅኔ ጉባኤ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቼ ገና መመለሴ ነው። ድምፄ ያምራል እባል ነበር፤ እኔም አምን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለእኔ ዜማዋ፣ ሥርዓቷ፣ ምስጢሯ ነበረች። ሕዝቡ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሞ የሚሰማ እንጂ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ግን አንደበተኛ ነበር። በሰርግ በክርስትናው ቀረርቶ ሲይዝ አገር ሥራ ፈትቶ ይሰማዋል። ጎበዜ የሚባለው ጎረቤታችን የልብ ወዳጁ ነበር። ጎበዜ ልጅ አልወለደም። እኔ በተወለድኩ ጊዜ አባቴ «ያንተም ልጅ ይሁን» ብሎ ክርስትና እንዲያነሳኝ ሰጠው። ስለዚህ ጎበዜ የክርስትና አባቴ ነው። ጥምቀት በመጣ ቁጥር አዲስ ልብስ የሚገዛልኝ እሱ ነበር። ቅኔ ቤት ስሄድም ስንቄን ተሸክሞ እስከ ወንዙ የሸኘኝ አባቴ ሳይሆን እሱ ነው።

አንድ ክረምት የጎበዜ በሬዎች የእኛን ጤፍ ገቡበት። ትንሽ ነገር ነበረች። ሁለቱ ተኮራረፉ፤ አስታራቂም አያስፈልጋቸውም ነበር፣ ጊዜ ብቻ ይበቃቸው ነበር። በጥር ግን በጎረቤት ሰርግ ዳስ ውስጥ ተገናኙ። እኔ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ጠላውም አረቄውም ሲገፋ አባቴ ተነስቶ እንዲህ አለ፦

ጎበዜ ገበሬው ጥማዱ ሲያምር፣
ዓመት ሙሉ አርሶ ቀረ ያለ ዘር።

ዘሩ የጤፍ ዘር እንዳልሆነ ለማንም አልተሰወረም። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። «ይደገም» አሉ። ደገመው። ጎበዜ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። እንደገና «ይደገም» ሲባል ተነስቶ ወጣ፤ ሰዉ ያፈረ መስሎት ሳቁን ቀጠለ። ጠመንጃውን ይዞ ሲመለስ አባቴ መጀመሪያውን ስንኝ ብሎ ሁለተኛውን እየጀመረ ነበር።

ጎበዜ እጁን ሰጠ። ደብረ ማርቆስ ተፈርዶበት ታሰረ። እሱ እዚያ እያለ ሚስቱ ሞተች፤ ቀባሪዋ ጥቂት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን የቤቱ አባወራ ሆነ። ጠጉሩን ሳይላጭ፣ ከሰው ድግስ ሳይቀምስ ዓመታት አሳለፈ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሁለት ጊዜ መጥተው ከበር መለሳቸው። እናቴ ደጊቱ ግን አንድም ቀን ይታረቅ ወይም አይታረቅ ብላ አታውቅም። ከሏንም አላወለቀችም።

ጎበዜ በአመክሮ ተፈትቶ ሲመጣ ከስቶና እያሳለ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ማንም «አታናግሩት» ብሎ አላወጀም። ውኃ ቁልቁለቱን ራሱ እንደሚያገኘው ሁሉ ሰዉ ራሱ አገኘው። እሳት የሚጭርበት ቤት አጣ። ሰንበቴው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ድንገት ሌላ ሰው ተቀምጦበት ተገኘ። ገበያ ወጥቶ ቃል ሳይወጣው ይመለሳል። ደጁን የሚረግጡት መምሬ ፈንታ ብቻ ነበሩ። መምሬ የእሱም የእኛም የነፍስ አባት ናቸው፤ ከእሱ ቤት ወጥተው እኛ ቤት ይገባሉ። ሙሉቀን ይህን ስለሚያውቅ መስቀል ከተሳለማቸው ቆይቷል።

ያ ዕለት በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ ሰዉ ሳይቀምስ ውሎ ነው የሚመጣ። ሕፃናት ስለሚቆርቡ እናቶች ሁሉ ይመጣሉ። በዚያ ቀን ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ኮረብታውን ውጦታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የማዜመው። ቤተ ክርስቲያኑ እርጥብ ጋቢና እርጥብ ቁምጣ ይሸታል። በስተግራ ወንዶች፣ በስተቀኝ ሴቶች፣ ከፊት ሕፃን የታቀፉ እናቶች ቆመዋል።

ወንጌሉ ተነበበ። መሥዋዕቱ በመንበሩ ላይ ነው። መምሬ ፈንታ ከውስጥ ጸሎቱን ጨረሱና የእኔ ተራ ሆነ። ከመጋረጃው ወጥቼ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሬ፣ «ተአምኁ» ብዬ ያን የሰላምታ ቃል ሳብ አድርጌ ያዝኩት። በዚያች ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ግራ ወደ ቀኙ እጅ ይነሳል፤ ልማድ ነው፣ አስበንበት እንኳ አናውቅም። ዓይኔ ወደ ምዕራቡ በር ሄደ። ጎበዜ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ነጠላው ከዝናቡ የተነሳ ገላው ላይ ተጣብቋል። በዙሪያው ደግሞ በተጨናነቀው ቤት ውስጥ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ቦታ አለ። ሰዉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እርስ በርሱ እየተጋፋ ያቺን ቦታ አይረግጣትም።

ድምፄ ቆመ።

መጀመሪያ ያልጨረስኩ የመሰላቸው የቃሉን ቀሪ ጠበቁ። ቀጥሎ ዓይኔ ወዳረፈበት ዞሩ። ሙሉቀንም ዞረ። ከሁሉም ይበልጥ የማስታውሰው ይሄን ነው፦ ወንድሜ ጎበዜን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ ከዚያ በሰሜኑ በር ቀስ ብሎ ወጣ። እኛ አገር ጠመንጃ ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ለጥበቃው ተሰጥቶ ነው የሚገባው። ሙሉቀን ወዴት እንደሄደ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ከውስጥ መምሬ «ዲያቆን» አሉኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ብቅ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ወደ በሩ ተመለከቱ። ምንም አልደነገጡም።

«እኔ ነኝ ና ያልኩት» አሉ ለሕዝቡ። «ንስሐውን ጨርሷል። ከእናንተ ጋር ቆሞ ይቁረብ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አያ ስማቸው፣ ደግ የሚባሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በላባቸው ያሠሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገሩ ለሌላ ቀን በሽምግልና እንዲታይ፣ አሁን ግን ጎበዜ ወጣ ብሎ ቅዳሴው እንዲፈጸም ለመኑ። ሕፃናቱ ተርበዋል አሉ። ከኋላቸው ብዙ ሰው «እውነት ነው» አለ።

መምሬ የመቅደሱን በር መቃን በአንድ እጃቸው ያዙ።

«መሥዋዕቱ ገብቷል፤ ሳልፈጽመው ልወጣ አልችልም» አሉ። «ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ ብዬም ልፈጽመው አልችልም። ቄስ ብቻውን አይቀድስም፤ ታውቃላችሁ። እኔ እላለሁ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። መላሹ እናንተ ናችሁ። ሕዝብ ከሌለኝ እዚህ ያለው ጭቃና ቆርቆሮ ነው።»

የሚቀጥለው የማንም ተራ አልነበረም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ዝናቡ ጋብ ሲል የሕፃናቱ ልቅሶ ይሰማል፤ ሲጠነክር እሱም ይጠፋል። ሴቶች እግራቸው ሲዝል ተቀመጡ። አንዳንዱ ወደ መምሬ እየተጠጋ በለሆሳስ ይለምናል፤ እሳቸው አይመልሱም። አሁን መቃኑን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። አብረዋቸው የሚቀድሱት ሌላው ቄስ ከውስጥ ሆነው ያለቅሳሉ። እኔ እዚያው ባቆምኩበት ቆሜያለሁ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልቻልኩም። በልቤ ያለውን እውነቱን ልንገራችሁ፦ እንዲወጣ እፈልግ ነበር። የትም ይሂድ፣ ከዓይኔ ይራቅ እንጂ። አባቴን የቀበርኩት እኔ አይደለሁም፤ ቅኔ ቤት ድረስ መርዶው ሲደርሰኝ አፈር ከተመለሰበት ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ለእኔ አባቴ የሞተው ያኔ ሳይሆን ያን ዕለት በሩ ላይ ያንን ሰው ሳየው መሰለኝ።

አንዱ ጎልማሳ ከውጭ ተመልሶ ገባና ለአጠገቡ ሰው አንሾካሸከ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሄዶ እኔ ጋ ደረሰ። ሙሉቀን ጠመንጃውን ከጥበቃው ተቀብሎ ከምዕራቡ በር ፊት ለፊት፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሟል። ወደ ቅጥሩ ገብቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግን አልቀረበም፤ ይጠብቃል።

ይህ ከተሰማ በኋላ «ይውጣ» የሚለው ድምፅ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። አልቀነሰም። ይልቁንም በረታ። ቅድም በልመና የነበረው አሁን በቁጣ ሆነ። «ስለ አንድ ሰው ብሎ አገር ሳይቆርብ ይቅር ወይ» አሉ። «ሕፃን ምን በደለ» አሉ። ሁሉም እየጾመ፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ሁሉም በደህና ቃል ነበር የሚናገረው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ውጣ የሚሉት ሰዎች ውጭ ምን እንዳለ ያውቃሉ። ማንም ግደሉት አላለም። ግደሉት የሚል ቢኖር ኖሮ ሌላው ይገሥጸው ነበር። ዝም ብለው በሩን ብቻ ያሳዩታል።

መምሬም ገብቷቸዋል። ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር ሰዉ ለመስማት ዝም አለ።

«በዚያ ዳስ ውስጥ ይደገም ያላለ ማነው?» አሉ። «እኔም እዚያ ነበርኩ። አላልኩም፤ ግን ስቄያለሁ። አንዱ ተናገረ፣ አንዱ ተኮሰ፤ መሃል ላይ የነበርነው ሁላችን ነን። የተኮሰው እስር ተፈረደበት። ለእኛ ማን ፈረደብን? ዛሬም ደግሞ ይደገም እያላችሁ ነው።»

«ይውጣ» የሚለው ቆመ። ግን የተንቀሳቀሰ የለም። ሰው እውነት ስለሰማ ብቻ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር።

የተንቀሳቀሰው ጎበዜ ነው። ሲያስለው ቆይቶ ትንፋሹን ሰበሰበና «አባ፣ ልሂድ። ልጆቹ ይቁረቡ» አለ። ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሙሉቀን የት እንደቆመ እሱም ሰምቷል፤ ዓይኑ ዛፉን ሲፈልግ አየሁት። ሊሞት እየሄደ ነበር። ከፊቱ ያሉት ሰዎች መንገድ ለቀቁለት። ያ ሁሉ ሰዓት አንድ እግር ያላነሱ ሰዎች፣ ለእሱ መውጫ ሲሆን ወዲያው ገለል አሉ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ አላሰብኩም። የዲያቆን ልብስ ለብሶ ቅዳሴ ሳይፈጸም ወደ ሕዝቡ መሃል መውረድ ሥርዓት አይደለም፤ ወረድኩ። በወንዶቹ መካከል አልፌ በበሩና በእሱ መካከል ገባሁ። ጀርባዬ ወደ ውጭ ነው። ሙሉቀን ጀርባዬን እያየ እንደሆነ ታውቆኛል፤ ትከሻዬ መካከል የሆነ ነገር ያቃጥለኝ ነበር።

በቅርብ ሳየው ሽማግሌ ሆኗል። ጥርሱ ረግፏል። ስሙን ልጠራው ፈለግሁ፤ አንተ ማለት አቃተኝ፣ እርስዎ ማለትም አቃተኝ። በልጅነቴ አባባ ነበር የምለው፤ እሱንማ አፌ እንዴት ብሎ። ይቅር ልልህ ነው ማለትም ሐሰት ነው፤ ይቅር አላልኩትም ነበር። ስለዚህ ያለኝን ብቻ ሰጠሁት። ከመጋረጃው ፊት የጀመርኩትን ቃል እዚያው ጨረስኩትና፣ እንደማንኛውም ሰው፣ እንደ ልማዱ፣ እጅ ነሳሁት።

መለሰልኝ ብዬ ልነግራችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። አልመለሰም። እግሬ ሥር ወድቆ፣ ግንባሩን እርጥቡ ወለል ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ሆነ። ሰዉ ያየዋል።

ከሴቶቹ በኩል እናቴ ተነሳች። ሴት በወንዶች በኩል አታልፍም፤ አለፈች። ሁላችንም ጎበዜ ጋ የምትደርስ መሰለን። ወደታች እንኳ አላየችውም። ረግጣው ልታልፍ እስኪመስል ድረስ በአጠገቡ አልፋ የበሩ መድረክ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ዝናቡ፣ ወደ ልጇ አድርጋ።

«አንድ ቀብሬያለሁ፤ ሌላውን ለእስር ቤት አልሰጥም» አለች።

ጮክ ብላ አይደለም። ዛፉ ሥር መሰማቱን አላውቅም። ግን ከዚያ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ከመድረኩ አልተነቃነቀችም። በጀርባዋ ጠበቀችው፤ ገዳዩን ልበል ልጇን፣ እስከዛሬ ለይቼ አላውቀውም።

ቀጥሎ የመጣው የዚያ ሰርግ ሙሽራ ነው። አሁን የልጆች አባት ሆኗል። ሕፃኑን እንደታቀፈ መጥቶ ጎበዜን በክንዱ ደግፎ አነሳውና እጅ ነሳው። ሚስቱ ተከተለችው። አንድ ሁለት ሽማግሌ መጡ። አንዳንዱ ዓይኑን ወደ ሌላ እያየ እጅ ነሳ፤ መምሬ ይህንንም ተቀበሉ። አያ ስማቸው ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው በደቡቡ በር ወጡ፤ ከእሳቸው ጋር ከግማሹ የማያንስ ሰው ወጣ። ሕፃን ታቅፈው የወጡም እናቶች ነበሩ። ቤቱ ድንገት ሰፊ ሆነ።

መምሬ የወጡትን እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ በዓይናቸው ሸኙ። ከዚያ «እንግዲህ የቀረነው እንመልስ» ብለው ገቡ። ካህኑ ሰላም ለሁላችሁ ሲሉ ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ በዚያ ቀን የሳሳ ነበር፤ እያንዳንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ ተለይቶ ይታወቃል። በኋላ ሳስበው ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሲቆርቡ ሥጋውን ካህኑ፣ ደሙን ደግሞ በማንኪያው፣ በዕርፈ መስቀል፣ ዲያቆኑ ነው የሚያቀብለው። ሕፃናቱ አለፉ። ሴቶች አለፉ። መጨረሻ ላይ ጎበዜ መጣ። በሌላ ዲያቆን ላስቀይር እችል ነበር፤ መምሬ ዓይኔን አይተው ጠበቁኝ። ጠብ እንዳይል ሌላኛው ዲያቆን እጄን ከሥር ደገፈው። ዓመታት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ደም ደም ሲባል ነው የኖረው። ያን ዕለት በአፉ ያደረግሁለት ሌላ ደም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ደስታም ሰላምም አልተሰማኝም። ድካም ብቻ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ፣ ብርሃኑ እየጠፋ ነበር። ሙሉቀን እዚያው ዛፉ ሥር ነው። ጠጉሩ ፊቱ ላይ ተጣብቋል፤ ጠመንጃውን ከነጠላው ሥር አድርጎ ከውኃ ይጠብቀዋል። እናቴ ክንዱን ልትይዝ ስትል ቀስ ብሎ አስለቀቃት። እኔን ጠበቀኝ።

«አቀበልከው?» አለኝ።

«አቀበልኩት።»

«ያንተን ድርሻ ሰጥተሃል። የእኔን ግን ልትሰጥ አትችልም» አለ።

ሌላ አልጨመረም። ስድብም እርግማንም አልነበረም። ቁልቁለቱን ወረደ። ለመከተል ሞከርኩ፤ ዞሮ ሲያየኝ ቆምኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተስተካከለም። ጎበዜ ክረምቱ እንደወጣ በዚያው ሳል ሞተ። የቀበርነው ያን ዕለት የቀረነው ብቻ ነን፤ ተሸካሚ ስላነሰን እየተቀያየርን እያረፍን ነው የወሰድነው። የወጡት ሰዎች ማዶ ወዳለው ሌላ አጥቢያ ሄዱ፤ ልጆቻቸውን እዚያ ያስጠምቃሉ፣ ሬሳቸውን እዚያ ይቀብራሉ። በገበያ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ከዚያ አያልፍም። መምሬ ፈንታ ከዚያ ቀን በኋላ ጉልበታቸው ስላልተመለሰ መንበር ላይ ቆመው አያውቁም። አንድ ቀን ላስታምማቸው ሄጄ፣ ያን ዕለት ያደረጉት ልክ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከፈልኳት እኮ» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያንን ማለታቸው ነው። ቆየት ብለው ደግሞ ከዚያ በፊትም የተከፈለች እንደነበረች፣ ስንጥቁ ላይ ምንጣፍ አንጥፈንበት እንደኖርን ነገሩኝ። የትኛው ይበልጥ እንደከበዳቸው አላወቅሁም።

እኔ ዛሬ ቄስ ነኝ፤ እዚያው ሚካኤል። ስለዚያ ቀን ስብከት ሰብኬ አላውቅም። ብሰብክ ምን እላለሁ? ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ነው ልል ነው? ነው። ግን ያው ሕዝብ ነው በዳሱ ውስጥ ይደገም ያለው፣ ያው ሕዝብ ነው ገለል ብሎ ለሞት መንገድ የከፈተው፣ ከዚያው ሕዝብ ነው ሕፃን እንደታቀፈ መጥቶ የወደቀውን ያነሳው። ሁለት ዓይነት ሰው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሆኖ ይህን የሠራ የለም፤ ሁሉም ከውስጥ ነው። ድሮ ሕዝቡን ከመጋረጃው ወዲያ የቆመ ጆሮ አድርጌ ነበር የማየው። ዛሬ ስቀድስ የምፈራው እሱን ነው፤ የምጠብቀውም ከእሱ ነው። አንድ ላይ ሲመልስልኝ ልቤ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ ይህ ድምፅ አንድ ላይ ሌላም ነገር ሊል እንደሚችል ትዝ ይለኛል።

ሙሉቀንንም ልክ አይደለም አልልም። ያን ዕለት የነገረኝ እውነት ነው፤ የእሱን ድርሻ ማንም ሊሰጥለት አይችልም፣ ጉባኤም ቢሆን። እኛ በአንድነት ልንታረቅ ስንነሳ ሊታረቅ ያልቻለውን አንዱን ሰው ውጭ ዝናብ ላይ ትተነዋል። ጎበዜን ወደ ውስጥ አስገባን፤ ወንድሜን አስወጣን። መምሬ ሁለቱንም ያቅፍ የነበረ ሌላ መንገድ ካለ አላገኙትም፤ እኔም እየፈለግሁ ነው ያለሁ።

ሙሉቀን በዚያው ዓመት የመሬት ድርሻውን ለእናታችን ትቶ ደብረ ኤልያስ ገባ። ጠጉሩን ተላጭቷል አሉ። አግብቷል። እናቴ እየሄደች ትጠይቀዋለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ስለ ጤናው ብቻ ትነግረኛለች፣ ሌላ እንዳትነግረኝ አስምሏታል። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደ። ክርስትና ሲያስነሳ አልጠራኝም፤ ክርስትና አባት ማን እንደሆነለትም አልሰማሁም። ዕጣን በማጥንበት ጊዜ የቤተሰቦቼን ስም እየጠራሁ አስባለሁ፤ የሞቱትንም፣ ያሉትንም። የወንድሜን ስም እጠራለሁ። ወደ ሕፃኑ ስደርስ ግን ዝም እላለሁ። የክርስትና ስሙ ማን እንደተባለ አላውቅም።